ከሺህ ትንፋሽ ያንተን

ፍሽሽሽ…

መጀመሪያ የተሰማው ይሄ ነበር። የተበሳ ጎማ ቀስ እያለ ሲተነፍስ የሚያሰማው ዓይነት፣ ወይም የተቆጣች ድመት ከአልጋ ሥር ሆና የምታሰማው ዓይነት ነገር። ቀጥሎ ድምፅ መጣ፤ ድምፅ ከተባለ። ተንቀጠቀጠ፤ ወደ ላይ ሊወጣ ተንጠራራ፤ መሰላሉን ከሥሩ እንደወሰዱበት ሰው ግማሽ መንገድ ላይ ተንጠለጠለና ዘጭ አለ። ከወደቀበትም እንደገና፣ ፍሽሽሽ።

ቀረጻው አርባ ሁለት ሰከንድ ነው። አርባ ሁለት ሰከንድ ሙሉ ሁለት መቶ አሥራ አራት ሰዎች በየቤታቸውና በየመሥሪያ ቤታቸው ስልካቸውን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው አንድ ምስኪን ከትራምፔት ጋር ሲተናነቅ አዳመጡ። ሲያበቃ ጣታቸውን አፍታቱ። ቀኑ አርብ ነበርና። አርብ ደግሞ ችሎት ነው።

ቡድኑ «የናስ አፎች» ይባላል። በስልክ ብቻ የሚገናኙ፣ ትራምፔት የሚነፉ፣ ነፍተው የተዉ፣ አንድ ቀን እንነፋለን እያሉ ዕድሜያቸው ያለፈ ሰዎች ስብስብ ነው። አንድ የሚያመሳስላቸው ነገር ቢኖር ሁሉም ከራሳቸው በቀር ነፊ አለ ብለው አለማመናቸው ነው። የመሠረቱት ሻምበል ናቸው፤ የጦር ሠራዊት ማርሽ ባንድ መሪ የነበሩ፣ አሁን በጡረታቸው የሚያዙት ሰልፈኛ ስላጡ ስልካቸውን የሚያዙ ሽማግሌ። የአርብን ችሎት ያመጡትም እሳቸው ናቸው። በየሳምንቱ ዕጣ ይወጣል። ዕጣው የወደቀበት ሰው ሻምበል የመረጡለትን ዜማ ነፍቶ በምስጢር ይልክላቸዋል፤ ዜማው በየሳምንቱ አዲስ ስለሆነ አሮጌ ቀረጻ አቧራ አራግፎ መላክ የለም። አልልክም ያለ ይባረራል። እሳቸው ሰውየው እንዳይታወቅ የመግቢያውን ትንፋሽ ቆርጠው፣ አርብ ስምንት ሰዓት ላይ ያለ ስም ይለቁታል። እስከ አሥር ሰዓት ድረስ አባላቱ ይፈርዳሉ። ፍርድ ማለት ስድብ ነው፤ ግን ማሳቅ አለበት። አሥር ሰዓት ሲሞላ የባለቤቱ ስም ይገለጣል።

«ለሙያ ዕድገት ነው እንጂ ለክፋት አይደለም» ይላሉ ሻምበል። ክፋት ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የሚለው።

ያን ዕለት ቀድሞ የፈረደው ሰርገኛው ነው፤ ሰርግ ቤት ለሰርግ ቤት እየዞረ የሚነፋ፣ ሙሽሮች ከፎቶው የሚቆርጡት ሰው።

«ይሄ ሰውዬ ትራምፔት አልነፋም፤ ሾርባ ነው ያቀዘቀዘው!»

«በኔ ጊዜ እንዲህ የሚነፋ ወታደር ለጠላት ይሰጥ ነበር» ብለው ጻፉ ሻምበል። «ጠላት ግን ይመልሰዋል።»

«እባካችሁ ለጎማ ቤት ደውሉላቸው፤ አንድ ጎማ አምልጧቸዋል» አለ ሌላው።

የሳቅ ምልክቶች እንደ ጉንዳን ተሰለፉ። ከሳቁ መሃል ግን አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ብቅ ይል ነበር። «ብየዳ የት ነው?» «ያለ ብየዳ ችሎት አለ እንዴ?» «ብየዳዬ፣ ሬሳው ቀርቧል፣ ቢላህን ይዘህ ና!»

ብየዳ አንድ ትልቅ የጭነት መኪና ራዲያተር ጀርባ ባዶ ጄሪካን ላይ ተቀምጦ ሁሉንም ያነብ ነበር። የቡድኑ ምላስ እሱ ነው። እሱ የላሰው ሰው ቆዳው አይቀርም። ዛሬ ግን ጥቁር ጣቱ ከስልኩ በላይ ቆሞ ቀረ። ማሳቅ አቅቶት አይደለም። እንዲያውም ሦስት ፍርድ መጥቶለት ነበር፤ ሦስቱም ከሰርገኛው ይሻላሉ።

ግን ቀረጻው የራሱ ነው። ሻምበል፣ ሰርገኛው፣ ሁለት መቶ አሥራ ሦስቱም ቢሳለቁ እንደ ዝንብ ይቆጥራቸዋል። የአንዲት ሴት ፍርድ ግን ገና አልመጣም ነበር። እሱን እየጠበቀ ስልኩን በቱታው ደጋግሞ ይጠርግ ጀመር።

* * *

«ብየዳ» የሚለው ስም ለቡድኑ ቀልድ ነው። የሰው አፍ በይዶ ስለሚዘጋ የወጣለት ይመስላቸዋል። በእውነቱ ግን በያጅ ነው። ሥራው ራዲያተር መበየድ ነው። የሚያፈሰውን ራዲያተር አፎቹን በጎማ መድፈኛ ይደፍናል፣ የውሃ ገንዳ ውስጥ ይነክረዋል፣ አየር ይለቅበታል፤ አረፋው ከሚወጣበት ቀዳዳው አለ። እሱ ግን አረፋውን አይጠብቅም፤ ጆሮውን አስጠግቶ «እዚህ ጋ ነው» ይላል። አይስትም። ትራምፔቱንም ከአሮጌ ዕቃ ሰብሳቢ ጨርቅ የታጨቀበት፣ አንገቱ የተሰነጠቀ ሆኖ አግኝቶት ራሱ በይዶ ነው ያዳነው። መንፋቱንም ያስተማረው የለም። ከሥራ ባልደረቦቹ አንዱም አያውቅለትም። ቢያውቁለትም ይስቁበት ነበር፤ እሱም እንደዚያ ስለሚያውቅ ቀድሞ ይንቃቸዋል። ሰው ሳይንቀው በፊት መናቅ የልጅነት ልማዱ ነው።

ከስምንት ወር በፊት አንድ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ቡድኑ ውስጥ ገብተው ነበር። በሃምሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ትራምፔት የገዙ፣ ነጠላ ሰረዝ ሳያዛንፉ የሚጽፉ ሰው። አንድ ቀን «ክቡራን ወንድሞችና እኅቶች፣ መሣሪያዬን ትናንት አጽድቼ፣ ዘይት ቀብቼ ገጣጠምኩት። ከዚያ ወዲህ ብነፋ ብነፋ አየር አያልፍም። ምን ይሻለኛል?» ብለው ጠየቁ። ትራምፔት የነካ ሰው ሁሉ አንድ ጊዜ የሚሠራት ስሕተት ናት፤ ጣት የሚጫናቸውን ሦስቱን ቫልቮች ሲያወጡ ቁጥራቸውን ሳያዩ ሲመልሱ፣ አንደኛው በሦስተኛው ቦታ ይገባል፣ የቫልቮቹ ቀዳዳ ከቱቦው ቀዳዳ አይገጥምም፣ መሣሪያው ዲዳ ይሆናል። ብየዳም እንዲህ ብሎ መለሰላቸው፦

«የኔታ፣ አማትዎን ሙሽራዋ ወንበር ላይ አስቀምጠው ሰርጉ ለምን ቀዘቀዘ ይላሉ?»

ቡድኑ በሳቅ ተናወጠ። ሻምበል ሳይቀሩ ሳቁ። ከደቂቃዎች በኋላ አንዲት ግራጫ መስመር ታየች፦ «የሒሳብ መምህር ከቡድኑ ወጥተዋል።» ያለ ደህና ሁኑ፣ ያለ ምክንያት። ሰርገኛው የቀብር ዜማ ነፍቶ ለጠፈባቸው።

በዚያችው ሰዓት ነው ከአንዲት የቡድኑ አባል ለብየዳ የመጀመሪያው የግል መልእክት የመጣለት። «አማትየዋ ገደለችኝ። ታካሚዬን አፉን እንደከፈተ ትቼ ኮሪደር ወጥቼ ሳቅኩ። የጥርስ ሐኪም ነኝ። አንተ ማነህ?»

ፍቅራቸው የተተከለው እንግዲህ እዚያ ነው፤ በአንድ ደግ ሽማግሌ ውርደት ላይ። ሌላ ሰው አበባ ይሰጣጣል፤ እነሱ ሰው ይሰጣጡ ነበር። በየቀኑ በምሳ ሰዓት ከቡድኑ አንድ ሰው መርጠው በሁለት ወገን ይበሉታል። ሰርገኛውን በሉት፤ ሻምበልን በሉ፤ «ከንፈሬ ደከመ፣ ምን ልቀባ?» ያለውን ሰው «ዝምታ ቀባው» ብለው ሦስት ቀን በሉት። ሰውን አብሮ መናቅ ምን ያህል እንደሚያቀራርብ የቀመሰ ያውቀዋል።

ከዕለታት አንድ ቀን እንዲህ ጻፈችለት፦ «እናቴ እንደኛ ካለ ቤት ሰው አምጪ ትለኛለች። እኔ ጆሮ ያለው ሰው ነው የምፈልገው አልኳት። ጆሮውስ ይሁን፣ እጁ ምን ይሠራል አለችኝ። እና እጅህ ምን ይሠራል?»

እጁን አየው። ጥፍሮቹ ሥር ያለው ጥቁር በሳሙናም በቤንዚንም አይለቅም። «ብረት ላይ ነኝ» ብሎ ጻፈ።

«ኢንጂነር! ጠርጥሬ ነበር። አጻጻፍህ ያስታውቃል።»

አይደለሁም የሚለውን ቃል ሁለት ጊዜ ጽፎ ሁለት ጊዜ አጠፋው። ውሸት አልተናገረም። እውነትን ግን በር ላይ አቁሞ በሩን ዘጋባት።

ማታ ቤቱ ነፍቶ የቀረጸውን አንድ ረጅም ድምፅ በምሳ ሰዓት ይልክላት ነበር፤ ዜማ የሌለው፣ አንድ ድምፅ ብቻ፣ ትንፋሹ እስኪያልቅ። ስለዚያ ድምፅ የጻፈችለትን ነገር በቃሉ ይዞታል፦

«ከመንፋትህ በፊት በአፍንጫህ ሁለቴ አጠር አድርገህ ትስባለህ። ቀጥሎ አንዴ ረዘም። ከዚያ በጥርስህ መሃል አንዲት ፉጨት ትወጣለች፣ ክር የምታህል። ፍንጭት ሳትሆን አትቀርም። ዓይኔን ጨፍኜ፣ ከሺህ ትንፋሽ መሃል ያንተን እለያለሁ።»

እናቱ እንኳ እንዲህ አላወቀችውም። ያን ቀን ብየዳ አንድ ራዲያተር ሁለት ጊዜ በየደ። የሚያፈስ ነገር በዓለም ላይ የቀረ አልመሰለውም።

* * *

ክሊኒኳን ያገኘው በጆሮው ነው። አንድ ቀን የላከችለትን የድምፅ መልእክት ሲሰማ ከንግግሯ በስተጀርባ የዱቄት ፋብሪካው የምሳ ፊሽካ ጮኸ። ያንኑ ፊሽካ እሱ በየቀኑ ከጋራዡ ደጃፍ ይሰማዋል። በማግስቱ በምሳ ሰዓት ሰፈሩን በእግሩ ዞረና፣ ከሁለት መንገድ ማዶ፣ ከሦስተኛ ፎቅ መስኮት የሷን ትራምፔት ሰማ። ከሥሩ «የጥርስ ክሊኒክ» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል። ሕንፃው የአባቷ እንደሆነ ዘበኛው ሳይጠየቅ ነገረው። ሽቅብ አይቶ ቱታውን አራገፈና ተመለሰ። ወር ሙሉ በዚያ መንገድ አልሄደም።

የወሰደው ጥርሱ ነው። አንድ ራዲያተር ሲፈትሽ አየሩ በዛና የጎማው መድፈኛ ተፈናጥሮ አፉን መታው። የላይኛው የፊት ጥርሱ ጫፍ ተሰበረ። ሌላ ሐኪም ጠፍቶ አይደለም፤ ሰው ግን አንዳንዴ የሚወደውን ሰው ለማየት ሰበብ ስለሆነው በሽታውንም ይወደው የለ? ጥርሴ ይድናል ብሎ ሳይሆን እጇ ፊቴን ይነካል ብሎ ሄደ። ፊት ለፊት ቆሜ እነግራታለሁ ብሎም ሄደ።

ገባ። ከጭንብሏ በላይ ዓይኖቿ ብቻ ይታያሉ። ያያቸው ዓይኖች በሐሳቡ ከሳላቸው ይበልጡ ነበር። እሷ ግን ያየችው ጥርሱን ነው፤ ከዚያ ጫማውን።

«ወረቀት አንጥፊለት እስቲ፣ ወንበሩን ግሪስ እንዳያደርገው» አለቻት ረዳቷን። ረዳቷ በዕድሜ የገፋች ነርስ ናት፤ በዓይኗ ይቅርታ እየጠየቀችው ወረቀቱን አነጠፈች።

«ምን ስትሆን ነው የሰበርከው? በጥርስህ ቆርኪ ስትከፍት?»

«ሥራ ላይ ነው፣ ዶክተር። ራዲያተር ነው የምሠራው።»

«ይሁና።» መብራቱን አፉ ላይ አወረደችው። ምራቅ የሚመጠውን ቱቦ አስገባች። ሥራዋን ስትጀምር እጇ ቀላል ነበር፤ ያንን አልካደም። ሲጋመስ ቀና ብላ፣ «ስማ፣ ይሄን ፍንጭትህንም አብሬ ልድፈንልህ? ሰው ትመስላለህ» አለችው።

ፍንጭቱ! ያቺ ክር የምታህል ፉጨት! አይሆንም፣ ነፊ ነኝ፣ ትንፋሼ በዚያ ነው የሚያልፈው ማለት ነበረበት። ነፊ ነኝ ካለ ደግሞ ማን ነህ መባል ይመጣል። ከዚያ ዓይኖቿ ከጫማው እስከ ስሙ ይወጣሉ። አፉ ክፍት ነው፣ ቱቦው ይጎረጉራል፣ እሷ ትጠብቃለች። ሰው እንዲመስል ፈልጋለች።

ራሱን ነቀነቀ። እሺ ማለቱ ነበር።

መስታወት ስትሰጠው በእርግጥም ሰው መስሎ ነበር። ወደ ቤቱ ሄዶ ትራምፔቱን ሲያነሳ ግን ከውስጡ የወጣው ፍሽሽሽ ብቻ ሆነ። የገዛ ጥርሱ ግድግዳ ሆኖ ትንፋሹን ይመልስበታል። ሁለት ሳምንት ሞከረ። «ከንፈሬ ቆስሏል» ብሎ የምሳ ሰዓቱን ድምፅ አቋረጠባት። በሦስተኛው ሳምንት ዕጣው በሱ ላይ ወደቀ።

ሊባረር ይችል ነበር። አልፈለገም። በልቡ አንድ የሞኝ ተስፋ አድሮ ነበርና፤ ብንፏቀቅም፣ ብወድቅም፣ እሷ ታውቀኛለች። ከሺህ ትንፋሽ ብላኛለች። ቀዳዳ የሚያውቅ ሰው ውሃው ውስጥ ተነክሮም ያገኘዋል።

* * *

ፍርዷ የመጣው ለሙሌቱ ምርመራ የተቀጠረበት ሰዓት ደርሶ ከክሊኒኳ ደጅ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሳለ ነው። ስልኩ እጁ ውስጥ ተንቀጠቀጠ።

«በሙያዬ ልፍረድ» ይላል ጽሑፉ። «ይሄ ሰው የፊት ጥርሶቹ መሃል አየር የሚያልፍበት ነገር የለም። ግድግዳ ላይ ነው የሚነፋው። ይሄን አፍ የሠራው ሐኪም ከሆነ ፈቃዱን ይቀሙት። ተፈጥሮ ከሆነች ደግሞ ወጥታ ይቅርታ ትጠይቀን።»

ቡድኑ ፈነዳ። ከበሩ ወዲያ የራሷ ሳቅ ተሰማው፤ በጽሑፍ ስምንት ወር ሲያነበው የከረመው ሳቅ። ወዲያው በግል ደግሞ ጻፈችለት፦ «የት ጠፋህ? ይሄን ሬሳ ብቻዬን ልብላው? ሁለት ሳምንት አለፈ ያንተን ሳልሰማ። የሰው ትንፋሽ ናፈቀኝ።»

«ቀጣይ!» አለች ከውስጥ።

ተነሥቶ ገባ። አልተናደደም። ቢናደድ ይሻለው ነበር። ንቀት እንደ እንጨት ሰንጥቆት ከስንጥቁ መሃል ራሱን ያየ ያህል ነው የተሰማው፤ አማትዎን ሙሽራዋ ወንበር ላይ አስቀምጠው ብሎ የጻፈው ጣት የማን እንደነበር።

«አንተ ነህ? ተቀመጥ። ወረቀቱ ላይ እንጂ! እሺ፣ ምን ሆነ? ወለቀ?»

«ዶክተር፣ ፍንጭቴን ይመልሱልኝ።»

ሁለቱም ሴቶች አዩት።

«ሰው ግድግዳ አስገንብቶ አፍርሱልኝ ይላል እንዴ?»

«ፍንጭት እኮ ውበት ነው፣ ዶክተርዬ» አለች ነርሷ። «እናቴን አባቴ ያገባት በሌላ በምን መሰለሽ?»

«ይሄም ፍቅረኛ አለችው ማለት ነው፤ ፍንጭቱን ካላየሁ ያለች» ሳቀች ሐኪሟ። «ነው?»

«ሥራዬን ከለከለኝ።»

«ራዲያተር በጥርስ ነው እንዴ የሚበየደው?»

ነርሷ ሳቋን ዋጠች። ወንበሩ ወደ ኋላ ተጋደመ፣ መብራቱ ወረደ፣ ጥጡ ገባ፣ መሞርሞሪያው እንደ ተርብ ጮኸ። እሷ የሞላችውን እየሞረሞረች ወሬዋን ከነርሷ ጋር ቀጠለች፤ አፉን የከፈተ ሰው ሰው ስላልሆነ።

«ቅድም ያስነበብኩሽ የነፊዎቹ ቡድን አለ አይደል? ኧረ ቀረጻውን ስሚው፣ ስልኬን ክፈቺው።»

ነርሷ ስልኩን ከፈተችው። ፍሽሽሽ። ድምፁ ጠባቡን ክፍል ሞላው፣ ተንቀጠቀጠ፣ ወጣ፣ ወደቀ።

«ውይ፣ አመመኝ» አለች ነርሷ። «የሚያለቅስ ሰው አይመስልም?»

«ብየዳ ቢሰማው ያለቅስ ነበር፤ በሳቅ።»

«ያ ኢንጂነርሽ?»

«እሱ።» የሐኪሟ ድምፅ ወረደ። መሞርሞሪያውን አነሳችው። «ከዚያ ሁሉ መንጋ ጆሮ ያለው እሱ ብቻ ነው። አውቃለሁ፣ ሞኝ ናት ትይኛለሽ፣ ያላየሁትን ሰው። ግን ሲነፋ እኮ… ትንፋሹን አውቀዋለሁ። ደረጃውን ወጥቶ በዚያ በር ቢገባ አንድ ቃል ሳይናገር አውቀዋለሁ።»

ከታማሚው የግራ ዓይን ጥግ እንባ ወርዶ ወደ ጆሮው ፈሰሰ።

«አመመህ እንዴ? ገና ምን ነክቼህ!» ጥጥ አንስታ ፊቱን ጠረገችለት። ከዚያ ከንፈሩን። ከዚያ እጇ ቆመ።

ከላይኛው ከንፈሩ መሃል፣ ደብዘዝ ያለ፣ ክብ፣ ቀይ ቀለበት። ባለፈው ጊዜ አልነበረም፤ አፉ ተመትቶ ቀናት ሳይነፋ ቆይቶ ነበርና። ያን ቀለበት ከመስታወቷ ታውቀዋለች። በራሷ ከንፈር ላይም የትራምፔቱ አፍ ያተመው አለ።

«ትነፋለህ?» አለች።

ነቀነቀ።

«ትራምፔት?»

ነቀነቀ።

ነርሷ ስልኩን እንደያዘች ቀረች። ሐኪሟ ወደ ጥርሱ አየች፣ ወደ ስልኩ አየች፣ ወደ ጥርሱ ተመለሰች። በራሷ ጣት የደፈነችውን ግድግዳ አየችው። «ፈቃዱን ይቀሙት» ያለው ፍርድ በየትኛው በር ዞሮ እንደመጣባት ሲገባት ከጭንብሉ በላይ ግንባሯ ቀላ።

«ለምን አልነገርከኝም?» ጮኸች። «ነፊ ነኝ ብትለኝ ኖሮ ጣቴን አልነካውም ነበር! አንድ ቃል! አንድ ቃል አይወጣህም?»

አፉ በጥጥ ተሞልቷል።

ትንሽ ቆማ ተነፈሰች። መልሳ ስትጎነበስ እጇ ሌላ እጅ ሆኖ ነበር። አሁን የምትሠራው ጥርስ አይደለም፤ መሣሪያ ነው። ስስ መለኪያ እያስገባች ለካች፣ ሞረደች፣ ለካች። «እንዴት ነበር? የወረቀት ያህል? የሳንቲም?» በሁለት ጥቁር ጣቶቹ አሳያት፤ ስፋቱን እንደ ጥፍሩ ያውቀዋል። ለዚያ እጅ አሁን ወረቀት ይነጠፍለት አላለችም። ግን ይቅርታም አላለችም። ይቅርታ ምላሷ ያልለመደው ቃል ነው፤ የሱም ምላስ እንደዚያው።

ጥጡን አወጣች። ወንበሩን ቀና አደረገችው። በግድግዳው ሰዓት አሥር ሊሆን አንድ ደቂቃ ቀርቶታል።

«በል ንፋ» አለችው ቀስ ብላ። «ያለ መሣሪያው። ያልፍልህ እንደሆነ።»

ሊደበቅ ይችል ነበር። እንደማንም ሰው እፍ ብሎ፣ አመሰግናለሁ ብሎ፣ ወጥቶ መሄድ ይችል ነበር። ሰውነቱ ግን ከሱ ቀድሞ ነበር። ዓይኑን ጨፈነ። በአፍንጫው ሁለቴ፣ አጠር አጠር አድርጎ ሳበ። ቀጥሎ አንዴ፣ ረዘም አድርጎ። ከዚያ ለቀቀው፣ ከተከፈተው ፍንጭትም አንዲት ፉጨት ወጣች፤ ክር የምታህል።

ዓይኑን ሲገልጥ ጭንብሏን አውልቃለች። ፊቷን ሙሉ ሲያይ የመጀመሪያው ነው። ከንፈሯ ላይ ቀለበቱ አለ። አፏ ትንሽ ተከፍቷል፤ ለሁሉም ሰው ቃል ያላት አፍ።

በነርሷ እጅ ያለው ስልክ ጮኸ። «የሻምበል መልእክት ነው» አለች ሳታስበው፣ መነጽሯን እያስተካከለች። «የዛሬው ቀረጻ ባለቤት… ብየ—»

«አታንብቢው» አለች ሐኪሟ።

ማንም አላነበበም። ማንበብ ያስፈለገው ሰው በዚያ ክፍል አልነበረም።

የአንድ እጇን ጓንት አወለቀች፤ የሌላውን ረሳችው። ከነርሷ እጅ ስልኳን ተቀበለች። ወደሱ አንድ እርምጃ የመጣች መሰለው፤ በሩ ግን በዚያ በኩል ነበር። አጠገቡ ስትደርስ ቆመች። ዓይኗ ወደ ጫማው አልወረደም። ከዚያ ወጣች።

የሱ ስልክ ኪሱ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። የቡድኑ ነው፤ ሁለት መቶ ሰው «ብየዳ?!» እያለ ይጮሃል። አለፈው። የሷን ገጽ ከፈተ። ከስሟ ሥር «እየጻፈች ነው» ይላል። ጠፋ። ኮሪደሩ ላይ የጫማዋ ድምፅ ቆሟል። «እየጻፈች ነው።» ጠፋ። እንደገና መጣ፣ ረጅም ጊዜ ቆየ፤ ከሷ እስከዚያች ቀን የተጻፈለት ሁሉ እንደዚያ አልረዘመም። ጠፋ።

ጫማዋ ደረጃውን መውረድ ጀመረ፤ መጀመሪያ በዝግታ፣ ቀጥሎ በፍጥነት። ከታች የውጭው በር ተከፍቶ ተዘጋ።

ነርሷ ወደ መስኮቱ ሮጠች። «ዶክተር! ዶክተርዬ! ደጅ ሁለት ሰው እየጠበቀ እኮ ነው!» ቆማ አየች። «ጋውኗን እንኳ አላወለቀችም» አለች። «አንድ እጇ ላይ ጓንት እንዳለ… ወዴት ነው?»

ወደ ወንበሩ ዞረች። ሰውየው ነጩ ጨርቅ ደረቱ ላይ እንዳለ፣ ጥቁር እጆቹን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል።

«ምን አልካት?» አለችው።

ምንም አላላትም። ተነፈሰ እንጂ።